የዴልመር የጫማ ማሰሪያ

ዴልመር ስቴሲ ለችሎቱ የሄደው ቀብር እንደሚሄድ ሰው ለብሶ ነው። ጺሙን ተላጭቶ፣ የሰንበት ኮቱን ደርቦ፣ ቡትስ ጫማውን ፊት እስኪያሳይ አስወልውሎ። ከዘራውን መኪናው ውስጥ ተወው። ጠበቃው ሚስ ፕራተር ይዞት እንዲገባ ደጋግማ ነግራው ነበር፤ እሱ ግን ለማኝ አይደለሁም ባይ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በኬንታኪ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ተንዶ አከርካሪውን እስኪሰብረው ድረስም የአካል ጉዳት ጡረታ የሚበሉ ጎረቤቶቹን ሰነፍ እያለ ሲያማ ኖሯል።

አሁን እሱ ራሱ ለዚያው ጡረታ ያስገባው ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ መጀመሪያ ሲያስገባ፣ ቀጥሎም እንደገና ይታይልኝ ሲል። ጥፋቱ የአንደበቱ ነው። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ የላከው ሐኪም "እንዴት ነህ?" ሲለው "አላማርርም" አለው። በእነዴልመር ተራራ እንዴት ነህ የተባለ ሰው ሌላ መልስ የለውም፤ እየሞተም ቢሆን ይላታል። ከተሜው ሐኪም ያቺን ሰላምታ እንደ ምርመራ ውጤት አድርጎ ጻፋት፤ በሽተኛው ቅሬታ የለውም። ይቺን ለመጻፍ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት የተማረው።

የቀረው ዳኛው ፊት መቅረብ ነው። እዚህ ከወደቀ ከዚህ በላይ ያለው ይግባኝ ዓመታት ይፈጃል፤ መድኃኒቱ ደግሞ አልቋል፣ ሚስቱ ቨርሊንም ቤቱን የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀምራለች።

"እንዴት ነዎት፣ አቶ ስቴሲ?" አሉ ዳኛው።

"አላማርርም፣ ጌታዬ።"

ሚስ ፕራተር ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ አመልካቹ ምን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ለችሎቱ የሚመሰክረው የሥራ ባለሙያ ተብዬ ተራውን ወሰደ። ከሰል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ እጁ የለሰለሰ ሰውዬ፣ ዴልመር ቁጭ ብሎ ለውዝ መልቀም እንደሚችል አስረዳ። በዚያ ሸለቆ የለውዝ ፋብሪካ ሊኖር ቀርቶ የነበረው አንድ ሱቅ እንኳን ከተዘጋ ቆይቷል። ሰውዬው ግን በአገሪቱ ሥራው ሞልቷል አለ። ዴልመር ከልቡ ናቀው። በጉድጓዱ ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው የምሳ ዕቃውን እንኳን አያሲዘውም ነበር።

"አቶ ዴልመር፣ ጫማዎ ያምራል፣" አለች ሚስ ፕራተር ድንገት። "ማን አሰረልዎት?"

"ራሴ።"

ጠበቃዋ ጎንበስ ብላ የቀኙን ፈታችው። "እንግዲያው መልሰው ይሰሩታ።"

ሊያሳያቸው ጎንበስ አለ። እጁ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ወገቡ ያዘው፤ መውረድም መነሣትም አቃተው። ላቡ በተወለወለው ጫማ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ባለሙያው ወረቀቱን ያገላብጣል። ቨርሊን ከኋላ ወንበር ተነሥታ ማንንም ሳታስፈቅድ መጣች፤ ተንበርክካም ጠዋት ጠዋት እንደምታደርገው አሰረችለት።

"ካልሲውንም እኔ ነኝ የማጠልቅለት፣" አለች ለዳኛው፣ ቀና ሳትል። "ሽንት ቤትም ደግፌ የማነሣው እኔ ነኝ። እሱ ቢገድሉት ይሄን አይነግራችሁም።"

ዳኛው ጡረታውን እዚያው ፈቀዱለት። የአከርካሪው ራጅ ያላሳመነውን መሥሪያ ቤት የጫማ ክር አሳመነው። ዴልመር ደስ አላለውም። ሁሉንም ናቃቸው፤ ከሁሉም አብልጦ የናቀው ግን ራሱን ነበር።

በሩ ላይ ጥበቃ የሚሠራው ኦርቪል የጉድጓድ ባልደረባው ነበር።

"እንዴት ነህ፣ ዴልመር?"

ዴልመር ግድግዳውን ተደገፈ።

"አሞኛል፣ ኦርቪል። በጣም አሞኛል።"

ኦርቪል የጥበቃ ወንበሩን አስጠጋለት። ቨርሊን ከዘራውን ልታመጣ ወደ መኪናው ሄደች።