ሐምራዊው የእኔ ነው

እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። በዚያ ሰሞን ግን ነጩ አንሶላ ከወንዙ ሐምራዊ ሆኖ እየወጣ ደንበኞቿ ሸሹ። ከወንዙ በላይ ያለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ባለቤት ዘንድ ሄዳ አቤት ብትል፣ "እማማ፣ ከእኔ ግቢ ጠብታ አይወጣም፤ ዓይንዎን ይታከሙ" ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀባት።

እኔ ደግሞ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ቂም አልረሳም። ዓሣ ቤቶች የሚጥሉትን የሸርጣን ቅርፊት ለቅሜ ፈጨሁ፤ በአሲድና በኮስቲክ ሶዳ አጥቤ ቀለም የሚይዙ ነጫጭ እንክብሎች ሠራሁ። በመረብ ቋጥሬ ወንዙ ውስጥ ሰቀልኳቸው። በሳምንቱ ሐምራዊ ሆነው ወጡ፤ ከመረቡ በታች ያለው ውሃም ጠራ። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃው ነበር፤ የእኔ አንጀት ግን አልራሰም። ከእንክብሎቹ ግማሾቹን ሶዳ ውስጥ ዘፍዝፌ ቀለሙን አስተፋኋቸው። ኮምጣጤ ጨመርኩበትና የእናቴን ነጭ የሱፍ ሻርፕ ነከርኩበት፤ ሐምራዊ ሆኖ ወጣ።

የውሃ ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካውን ሊያዩ በመጡ ቀን እናቴ ሻርፑን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ባለቤቱ ገና ሲያያት ደሙ ፈላ።

"ሌባ! ይሄ ቀለም ገና ገበያ አልወጣም! ቅመማውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም!"

"እርግጠኛ ነህ ልጄ? ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው! የእኔ ብቻ!"

ተቆጣጣሪዎቹ መጻፍ ጀመሩ። እናቴ መረቡን ከቀሩት ሐምራዊ እንክብሎች ጋር አቀበለቻቸውና ወደ እሱ ዞረች።

"ከወንዙ ነው ያወጣነው። እንዳልከኝ ዓይኔን ታከምኩ።"