ለእንግዳ የተጠና ንግግር

መምህር ሬዝዋን ዋና ከተማችን ዳካ ሄደው የሦስት ሳምንት ሥልጠና ከወሰዱ ወዲህ አላስቀምጥ አሉን። እንግሊዝኛ የሚለመደው በመነጋገር ነው፣ ሽምደዳ ቀርቷል አሉ። ክፍላችን ውስጥ ሰማንያ ሆነን ተጣብበን እንቀመጣለን፤ አግዳሚዎቹ ከወለሉ ጋር ተቸንክረዋል። «በቡድን ተወያዩ!» ሲሉን አንገታችንን ጠምዝዘን ከኋላ ካሉት ጋር በቤንጋሊ ስለ ክሪኬት እናወራለን፤ እሳቸው ስልካቸውን ይነካካሉ። ከትምህርት በኋላ ደግሞ ቤታቸው በክፍያ የሚያስጠኑት ያንኑ ቀርቷል ያሉትን ሽምደዳ ነው። የመጨረሻው ብሔራዊ ፈተና በጽሑፍ ብቻ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቁታላ!

ከመሃላችን እንግሊዝኛ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጀልባ ቀዛፊው ልጅ ቱሂና። ከስልክ እየሰማች፣ ብቻዋን እያወራች የለመደችው ነው። በማጣሪያው ፈተና «ዝናባማ ቀን» የሚል ድርሰት ሲመጣ ሁላችንም ሬዝዋን ያስሸመደዱንን ገለበጥን። እሷ ግን የራሷ ቤት ጣሪያ እንዴት እንደሚያፈስ ጻፈች። ሬዝዋን «ይሄ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ዜሮ ሰጧት። ርዕሰ መምህሩ ሞታሌብም ማጣሪያውን የወደቀ ለብሔራዊ ፈተና አይመዘገብም አሉ። የሚወድቀውን አስቀርተው ሲያበቁ፣ መቶ በመቶ አሳለፍን ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ጠዋት አባቷ ከእሷ ጋር መጥቶ ርዕሰ መምህሩ እግር ላይ ወደቀ።

«ሂድ፣ ዳራት» አሉት።

በዚያው ቀን የወረዳው ተቆጣጣሪ ሊመጡ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ለእሳቸው የምናሳየውን የእንግሊዝኛ ንግግር ስናጠና ከርመናል። ሬዝዋን ዜሮ የሰጧትን ልጅ ከበር ጠርተው፣ ከእኔ ጋር ከፊት አስቀመጧት። «ለዛሬ ታስፈልጊኛለሽ» አሏት። ዓይናቸውን እንኳ አላሹም፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

ተቆጣጣሪው የቀረበላቸውን ጣፋጭ እያላመጡ ከሞታሌብ ጋር ገቡ። ተነሳሁና በተጠናው መሠረት በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት።

«ዛሬ ጠዋት ገበያ ሄደሽ ነበር?»

«አዎ፣ ዓሣ ገዛሁ» ነበር ማለት ያለባት። ቱሂና ግን ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች።

«አልሄድኩም፣ ጌታዬ» አለች በጠራ እንግሊዝኛ። «አባቴ ርዕሰ መምህሩን ሲለምን አጠገቡ ቆሜ ነበር። እንግሊዝኛ ወድቀሻል ብለው ከፈተና አስቀሩኝ። ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል። እባክዎ፣ ይንገሩልኝ።»

ሞታሌብን ላብ አጠመቃቸው። ዛሬስ ጉዳቸው ፈላ ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ።

ተቆጣጣሪው ጣፋጫቸውን ዋጡና አጨበጨቡ።

«ግሩም ነው! ልመናዋ እንዴት ያምራል! ይህን ንግግር የጻፈላት ማነው?»

«የኛው ሬዝዋን ናቸው፣ ጌታዬ» አሉ ሞታሌብ፣ ትንፋሻቸው እየተመለሰ።

«እውነቴን እኮ ነው!» አለች ቱሂና፣ አሁን በቤንጋሊ። «ማንም አልጻፈልኝም! የራሴን ነው የነገርኩዎት!»

«አያችሁ፣ እንባዋ ሁሉ ይመጣል!» ብለው ሳቁ ተቆጣጣሪው። «ሥልጠና ማለት እንዲህ ነው።»

ሬዝዋን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። «ትንሽ ደክሜባታለሁ» አሉ፣ ያ ቀጣፊ አፋቸው ሳይደናቀፍ።

ክፍሉ እንዲያጨብጭብ ታዘዘ፤ አጨበጨበ። ቱሂና ቦርሳዋን አንስታ በጭብጨባው መሃል ወጣች። ማታ ምዝገባው ያለ እሷ ተዘጋ።