አስናቀ የገዛው አክሲዮን

አልጣሽ ከስቶክሆልም የላከችው ደብዳቤ አሰላ የደረሰው በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። አባቷ ወልደጻድቅ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። አልጣሽ ነርስ ናት፤ ከደመወዟ ያጠራቀመችው ጥቂት ገንዘብ አላት። አንድ የባንክ ሰው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ኮምፒዩተር ከሚሠራ ኩባንያ አክሲዮን ግዢ ብሎ መክሯታል። መሣሪያው ነገ በየሰው ቤት ይገባል እየተባለ ነው። «አባዬ፣ ከማውቃቸው ሰዎች አክሲዮን የነበረዎት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ምን ይሉኛል?» ትላለች።

ሚስቱ አሰፋች ደስ አላት። እሱ ግን ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ኮምፒዩተር የሚባለውን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አክሲዮንን ግን ያውቃል፤ አክሲዮን በተባለ ቁጥር ደግሞ አስናቀ ይመጣበታል።

አስናቀ የልብ ጓደኛው ነበር። በ1965 ወልደጻድቅ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ትራክተር የሚያከራይ የአክሲዮን ማኅበር ሲያቋቁም፣ አስናቀ አቦምሳ ያለውን የእህል መጋዘኑን ሸጦ እንዲገባ ያግባባው እሱ ነው። አስናቀ ሊፈርም ብዕሩን እንዳነሳ ቀና ብሎ፣ «እርግጠኛ ነህ?» አለው። አከራዩ በዝቶ ኪራዩ እየወረደ መሆኑን ወልደጻድቅ ያውቃል፤ ልቡም ፈርቶ ነበር። ግን «እንዴታ» አለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት መሬቱንም ትራክተሩንም ወረሰ። አስናቀ ትራክተሮቹ ወደተወሰዱበት ወደ ኦጎልቾ ወርዶ፣ አጥር ተደግፎ ሲያያቸው ዋለ። ተመልሶ መጥቶ ተኛ፤ በዚያው አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ ወልደጻድቅ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ያየዋል። አይቆጣውም፣ አይወቅሰውም። ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ መልስ ይጠብቃል።

ለአልጣሽ ሊጽፍ የተቀመጠ ዕለትም መጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ወልደጻድቅ ጀርባውን ሰጥቶት ጻፈ። መሣሪያው ጥሩ መሆኑና ሠሪው ማትረፉ ለየቅል ነው አላት። ትራክተርም ጥሩ ነበር፤ የአርሲን መሬት እንደ ጉድ አርሶታል። ግን አንዱ ያመጣውን ሌላውም ሲያመጣው ገበያተኛ መሻማት ይመጣል፤ ዋጋ ይወርዳል፤ ገዢው ሲጠቀም ሻጩ ይከስራል። በእነሱ ጊዜ ያተረፉት ነዳጅና መለዋወጫ የሚሸጡት ነበሩ። ይህንንም ኮምፒዩተር ሁሉም እየገጣጠመ ሊሸጠው ከቻለ፣ የሠሪዎቹ አክሲዮን ዕድሜ የለውም። «እኔ ብሆን አልገዛም» ብሎ ጻፈና እጁ ቆመ። ከኋላው የሚጠብቀው አለ። በመጨረሻ፣ «እርግጠኛ ግን አይደለሁም» የሚል ጨመረበት።

በዓመቱ መልስ መጣ። አልጣሽ አልገዛችም፤ ኩባንያውም ዋጋ ሲቀንስ፣ ሲቀንስ ከርሞ ተዘግቷል። አሰፋች እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወልደጻድቅ ግን ልቡ አልቀለለውም። ለልጁ የጻፈላትን «እርግጠኛ አይደለሁም» የምትል ያቺን አንዲት ቃል ለጓደኛው ነፍጎታል። ኮቱን ደርቦ የአስናቀ ሚስት ብርቄ ዘንድ ሄደ።

ብርቄ ገብስ እየለቀመች ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት የደበቀውን እንደቆመ ነገራት፤ ኪራዩ መውረዱን እያወቀ ባሏን እንደዋሸው። ብርቄ እጇን ከሰፌዱ አላነሳችም።

«ያውቅ ነበር» አለችው። «የፈረመ ዕለት ነግሮኛል። ‹ወልደጻድቅ ፈርቷል፤ ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ። ታዲያ ብቻውን ይግባበት ብዬ ልተወው?› አለኝ።»

«ይቀመጡ እንጂ» አለችው፤ ወልደጻድቅ ተቀመጠ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሁለቱም አብረው ገብስ ለቀሙ።

ከዚያ ቀን በኋላ አስናቀ አልመጣበትም። ወልደጻድቅ ግን ገበያ በወጣ ቁጥር በሰው መሀል በዓይኑ ይፈልገው ነበር።