በቁም የተጻፈ ዜና ዕረፍት

«እጁን ይቁረጠው!» አሉ ወይዘሮ ሞሪን፣ ጋዜጣውን ከሻይ ማንቆርቆሪያው አጠገብ እየወረወሩ። «ስሙን ለመጻፍ እንኳ ወኔ ያጣ ፈሪ! ኮሊን፣ ልጄ፣ አንተ እዚያ ጋዜጣ ቤት ሁሉንም ታውቃለህ። የባሌን ዜና ዕረፍት ማን እንደጻፈው ጠይቀህ ንገረኝ።»

ኮሊን የያዘውን ሲኒ ማስቀመጫ አጣ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የጻፈው እሱ ነበር።

ባላቸው ሊዮኔል እሑድ ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ ነው በዚያው የቀሩት። ቀብሩ ገና ነው፤ ቤቱ ግን ሰው አይለየውም። ጎረቤቱ ኬክ በሳህን፣ ሾርባ በድስት ይዞ ይመጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ስለ ጋዜጣው ተንሾካሹኮ ይሄዳል። ኮሊን በየቀኑ እየመጣ በር ይከፍታል፣ ሲኒ ያጥባል። «ከልጅ ይበልጣል» ይሉታል። ይቺ ምስጋና አንጀቱን ትቆርጠዋለች።

የሟች እህት ዊኒ ጋዜጣውን አንስታ ጮክ ብላ አነበበች። «‹ሌሎች የሠሩትን ሲያፈርስ ኖረ፤ እሱ ራሱ ግን አንድም ነገር ሠርቶ አላለፈም።› ወይ ጉድ! ወንድሜ ሰው ሲዘልፍ ቢያንስ ሰውየው በሕይወት እያለ ነበር!»

ኮሊን ጀማሪ ጋዜጠኛ ሳለ ሊዮኔል የጋዜጣው የኪነ ጥበብ ሐያሲ ነበሩ። ቴአትር ቤት ይዘውት ይገቡ ነበር። መጋረጃው ሲወርድ ሌላው ያጨበጭባል፣ እሳቸው ወደ ስልክ ይሮጣሉ። ሂሱን በወረቀት ሳይሆን በቃላቸው፣ ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር፣ ለጋዜጣው ጸሐፊ ያስጽፋሉ። ስንቱን ተዋናይ አስለቅሰዋል! ያንኑ ያህል ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ሠዓሊ ከምድር ቤት አውጥተው ለአገር አሳይተዋል። ኮሊንን መጻፍ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

ኋላ ኮሊን ራሱ ቴአትር ጻፈ። ሊዮኔል አዩትና በጋዜጣው እንዲህ አሉ፦ «ደራሲውን እወደዋለሁ፤ ቴአትሩን አልወደድኩትም። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ከመጠን በላይ ጨዋ ናቸው።» ቴአትሩ ሳምንት ሳይሞላው ከመድረክ ወረደ።

በዚያው ሰሞን የዜና ዕረፍት ክፍል ኃላፊው ኮሊንን ጠራው። የታዋቂ ሰው ዜና ዕረፍት ሰውየው በቁሙ እያለ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የጸሐፊውም ስም አይወጣም። የሊዮኔል ተራ ደርሶ ነበር። «ካንተ በላይ የሚያውቃቸው የለም» አለው። ኮሊን ደሙ እንደፈላ ቁጭ ብሎ ጻፈው።

በኋላ ታረቁ። «አሁንም አኩርፈሃል? በል ና፣ ዓሣና ድንች እንብላ» አሉት፤ አለቀ። ኮሊን ጽሑፉን አስተካክላለሁ፣ ዛሬ ነገ እያለ ዓመታት አለፉ። ሰውየው እንደሆኑ ጤነኛ ናቸው፤ ምን ያስቸኩላል?

ጎረቤቶቹ ሲወጡ ወይዘሮ ሞሪን ክንዱን ያዙት። «ቀብሩ ላይ የምትናገረው አንተ ነህ። ለዚያ ሰው መልሱን ስጥልኝ፣ አደራ!»

«እትዬ ሞሪን፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«የጻፍኩት። የጋዜጣውን።»

ዊኒ ኬኳን እንደጎረሰች ቀረች።

«ስለ ቴአትሩ ተናደህ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሞሪን ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«ያን ሂስ ባስጻፈ ዕለት እኮ ምግብ እንኳ አልበላለትም ነበር። ‹እሱን ከዋሸሁት ከእንግዲህ ማንን ያምናል?› አለኝ።»

ኮሊን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። «ሌላ ተናጋሪ ይፈልጉ፤ እኔ አይገባኝም» አለ።

«አልፈልግም! ሰው ሁሉ ፊት ቆመህ መጀመሪያ ያቺን ዓረፍተ ነገር ታነባታለህ። እኔ ነኝ የጻፍኳት ትላለህ። ከዚያ ወዲያ የምትለውን እኛም ቁጭ ብለን እንሰማለን።»

«እሺ» አለ።

ሊሄድ ሲነሣ በሩ ድረስ ተከተሉት። እንግዳን ኮት ማልበስ ልማዳቸው ነው፤ እጆቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጠበቀ። ኮቱ አልመጣም። ዞር ሲል ከመስቀያው ያወረዱት የሊዮኔልን ኮት ነበር። ወይዘሮ ሞሪን ማንም የሌለበትን ኮት ከላይ እስከ ታች፣ አንድ በአንድ ይቆልፉት ነበር።