የናናይ ኦንያንግ ቅጣት

ምሳ ተበልቶ ሰው ሁሉ ጋደም ሲል፣ ውሻውም ከማንጎው ሥር ሲዘረጋ፣ ኦንያንግ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ስልኳን ትከፍታለች። መጀመሪያ ጭጋግ ይመጣል። ከጭጋጉ ውስጥ ጫካ ብቅ ይላል፤ ከጫካው ሥር ወንዝ። ወንዙ ዳር ረጅም ጦር የያዘ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ይቆማል። ፊቱን አይታው አታውቅም። ጀርባው ግን የልጇን የኔልማርን ጀርባ ይመስላታል፤ ትከሻው ወደ ግራ ዘመም ያለ።

ኔልማር የጭነት መርከብ ላይ ነው። በጊማራስ ደሴት ልጁን ለባሕር ያልሰጠ ቤት ጥቂት ነው። ሲሄድ ስለ ቤቱም ስለ ዶሮዎቹም ምንም አላላት። "አካውንቴን አደራ" ብቻ አላት። ስልክ ላይ የሚጫወተው የውጊያ ጨዋታ ነው፤ በየቀኑ ካልተጫወቱበት ደረጃው ይወርዳል፤ እዚያ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል።

አደራ ነውና ገባች። መጀመሪያ መንገዱም ይጠፋት ነበር። እያደር ጣቷ ለመደ። አምስት ሰው ከአምስት ሰው ይዋጋል፤ ከጓደኛው የተነጠለ ይሞታል። አንዳንዴ ሙቀቱ ያንገላጅጃትና ወንዙ ባሕር ይሆንባታል። ጦረኛው ማዶ ሊሻገር የተነሣ ይመስላትና "ቀስ በል ልጄ" ትለዋለች።

መሳደብ የጀመረችው መቼ እንደሆነ አታውቅም። ጓደኞቹ ጥለውት ሄደው ሦስት ጠላት ሲረባረብበት ደሟ ይፈላል። ያኔ አፏ ተናግሮት የማያውቀውን ጣቷ ይጽፈዋል። በሰፈሩ ሰው ሲሞት የዘጠኝ ቀን ጸሎት የምትመራው እሷ ናት። ድምፅዋ ሕፃን ያስተኛል ይባላል።

ጨዋታው ሁለት ጊዜ ቀጥቷታል። መጀመሪያ መጻፍ ከለከላት። ያልጻፈችው ስድብ ሆዷ ውስጥ ሲብላላ ሰነበተ። ቀጥሎ ለሳምንት አባረራት፤ ስትመለስ ብሶባት ተመለሰች። ሦስተኛ ክስ ከመጣ አካውንቱ ለዘለዓለም እንደሚዘጋ በቀይ ጽሑፍ ነገራት። ጦረኛው ከነጦሩ ይጠፋል ማለት ነው። ኔልማር ሲመለስ ምን ትለዋለች?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተር ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቷ ሮምዌል በሯ ላይ ቆመ። የኔልማር አብሮ አደግ ነው። እናቱ የሞተችው በዚሁ በጋ ነበር፤ ጸሎቱንም የመራችው ኦንያንግ ናት።

ግባ ብትለው እንቢ አለ። "ናናይ" አላት፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እናቱን እንደሚጠራው። "ኔልማር ጌም ላይ ሰደበኝ። እኔን ቢሰድብ ግድ የለኝም። የእናቴን መቃብር ነው ያነሣው። በእጇ በልቶ አድጎ።"

ስልኩን ዘርግቶ አሳያት። ቃሉን አወቀችው። ትናንት "ጥቁር ዓሣ" ለተባለ ሰው፣ ጦረኛውን ጥሎ ስለ ሄደ የጻፈችው ነው። እዚያ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ስሙን እንዳለ ያኖረው ኔልማር ብቻ ነው። ጥቁር ዓሣ ሮምዌል መሆኑን በምን ትወቅ?

"እመክረዋለሁ" አለች።

ሮምዌል ለጨዋታው ባለቤቶች ሪፖርት ቢያደርግ አካውንቱ ዛሬውኑ እንደሚዘጋ ነገራት። ሁለቴ መቀጣቱን ሰምቷል። ግን ጎረቤት ናቸውና መጀመሪያ የቀበሌ ሽማግሌ ይየው ብሎ ሄደ።

በቀበሌው አዳራሽ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። ሰፈሩ ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድም፣ የሚለው ጀልባ ሠሪው ኡርባኖ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ አንዲት ዓሣ ነጋዴ። መምህሩ ተከሳሹ ከባሕር እስኪመለስ ይቆይ አለ። ዓሣ ነጋዴዋ አሁኑኑ ይደወልለትና ሰው ሁሉ እየሰማ ይጠየቅ አለች። ኡርባኖ በዚህ ተስማማና ኦንያንግን የልጇን ቁጥር ጠየቃት።

ጦረኛው ታያት፤ ወንዙ ዳር ብቻውን ቆሞ ሦስት ሰው እየመጣበት። ጥላው የሸሸችው እሷ ነበረች።

"አትደውሉለት" አለች። "እኔ ነኝ።"

ነገሩ ቶሎ የገባው ሰው አልነበረም። ሲገባቸው ዓሣ ነጋዴዋ በሳቅ ወደቀች። "ኦንያንግ፣ እኔ ስሞት ጸሎቱን ሌላ ሰው ይምራልኝ። አንቺ ምን እንደምትጨምሪበት አይታወቅም።" ሮምዌል አልሳቀም። መሬት መሬቱን ያያል።

ኡርባኖ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ የሮምዌልን ስልክ ተቀብሎ ሰጣት።

"ለእሱ የጻፍሽውን ለእሱ ንገሪው። በአፍሽ።"

ጸሎት ስትመራ እንደምትቆም ቆመች። ድምፅዋም ያው ነበር፤ ሌላ ድምፅ የላትም። "እናትህ" ብላ ጀመረች። ቀና ስትል የሮምዌል ዓይን የእናቱ ዓይን ሆነባት። ሁለተኛው ቃል አልወጣም። ስልኩን በሁለት እጇ መለሰችለት።

መምህሩ አካውንቱ ይዘጋ አለ። ዓሣ ነጋዴዋ መጻፍ ትከልከል አለች። ኦንያንግ ሁለቱንም ቀምሳ እንዳየችው፣ ከክፋት በቀር ያተረፈችበት እንደሌለ ተናገረች።

"ያባረሩት ሰው ስሙን ቀይሮ በሌላ በር ይገባል" አለ ኡርባኖ። "አፉን የዘጉት ጥርሱን ያፋጫል። እኔ የተጣሉ ዓሣ አጥማጆችን በአንድ ጀልባ ነው የምሰዳቸው። አብረው ካልቀዘፉ መሬት አይደርሱም።"

ፍርዱ ይህ ሆነ። እስከ ማንጎ በዓል ድረስ ኦንያንግ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዳራሽ ከሮምዌል ጎን ተቀምጣ ትጫወታለች። ጦረኛዋ ከእሱ ፊት ይቆማል፤ ሞት ሲመጣ ቀድሞ ይሞታል። አንዲት ቃል አትጽፍም። ከበዓሉ በኋላ ሮምዌል ሪፖርቱን ቢጫን ባይጫን የሚጠይቀው የለም።

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰው፣ ጭጋጉ ውስጥ ሁለት ጀርባ። ንፋሱ የማንጎ ሽታ ያመጣል። ብዙም አይነጋገሩም። አንድ ቀን ውጊያው ሲጋጋል ከመንገዱ ተሳፋሪ ጠራ። ሮምዌል ጨዋታው ውስጥ ያለውን ሰውየውን ወደ ወገኖቹ መጠጊያ ማማ መልሶ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ሰውየው ማማው ሥር እንደተኛ ሰው ቆመ። ኦንያንግ ትክ ብላ አየችው። ሸሸ ብላ የእናቱን መቃብር ያነሣችው ለዚህ ነበር። ለካ ያን ቀንም እንጀራው ጠርቶት ኖሯል።

ኔልማር እሑድ ደወለ። የባሕሩ ንፋስ ስልኩ ውስጥ ያፏጫል። ሁሉንም ነገረችው።

"ደረጃውስ?" አለ።

"ወርዷል።"

"ይውረድ" አለ። "የሮምዌል እናት እኮ ጫማ ገዝታልኝ ታውቃለች።"

በዓሉ ሲቃረብ፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ተጫዋች የሁለቱንም እናት አንሥቶ ጻፈባቸው። የሮምዌል ጣት ተነሣ። ኦንያንግ እጁን ያዘችው።

"ተወው። የማን ልጅ እንደሆነ ምን እናውቃለን።"

"ልጅ ነው ብለው ነው?" አላት። "እናት ትሆናለች እኮ።"

ኦንያንግ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሮምዌልም ሳቀ፤ ከክሱ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያኔ ነው።

በዓሉ አለፈ። ሮምዌል ስለ ሪፖርቱ ምንም አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። በማግሥቱ ምሳ ተበልቶ ሰው ጋደም ሲል መስኮቷ አጠገብ ተቀመጠች። ስልኩን ከፈተች። ጭጋጉ መጣ። ከወትሮው የቆየ መሰላት። ጫካው ብቅ አለ፤ ወንዙም። ጀርባው እዚያው ነበር፤ ትከሻው ወደ ግራ ዘመም እንዳለ። ከጎኑ ጥቁር ዓሣ ቆሞ ይጠብቃል።

አብረው ወንዙ መሀል ገቡ። እዚያ ጥቁር ዓሣ ድንገት ደርቆ ቀረ። በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ ሰው ሲጣራ፣ ቀጥሎም ሞተር ሲነሣ ሰማች። ከጫካው ሦስት ጠላት ወጣ።

ኦንያንግ ጦረኛውን ከጥቁር ዓሣ ፊት አቆመችው። "እኛ አለን" አለች በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ። "አንተ ሰዎቹን አድርሰህ ና።" የሞተሩ ድምፅ በማንጎው ዛፎች መሀል እየራቀ ሄደ፤ እሷም ተመልሶ እስኪሰማ ድረስ አልተነቃነቀችም።