የፈሪ ዳር

አባቴ ኦስቫልዶ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ ካርታ ሳይሠራ የሚጀምረው ነገር የለም። ለሁለቱ የሞተር ቀኖቻችንም ሠራ። የኤል ኬብራቾን የውድድር መም በእርሳስ ስሎ፣ ኩርባዎቹን በቀይ አቅልሞ፣ ከሥሩ «ቅዳሜ ኦስቫልዶ፣ እሁድ ሚሊ» ብሎ ጻፈና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው። ሚሊ እኔ ነኝ። ሞተሩ አንድ፣ እኛ ሁለት፣ ሁለታችንም ጀማሪ።

ኤል ኬብራቾ ከከተማችን ከሎስ ሳውሴስ ግማሽ ቀን ያስነዳል። ያን ሁሉ ሜዳ ለአንድ ቀን ብሎ የሚያቋርጥ ሞኝ የለም፤ አዋቂዎቹም ጀማሪን የሚመክሩት ሁለት ቀን አከታትሎ እንዲይዝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰውነት ይፈራል፣ በሁለተኛው ይገባዋል ይላሉ። እኛ ደግሞ ሁለቱን ቀን ተካፈልናቸው። አባዬ ቅዳሜ ብርቱካናማ ሰደርያ ከሚለብሱት ጀማሪዎች ጋር በቀስታ ይዞራል፤ ከምሳ በኋላ አንዴ ብቻ ወጥቶ ያቆማል፤ ማታ ኩርባዎቹን አንድ በአንድ ያስረዳኛል፤ ሞተሩንም ጭረት ሳይነካው ያስረክበኛል። ክረምቱን ሙሉ ዳቦ ቤት ቆሜ ዱቄት ስነፋ የከረምኩት ለዚያ እሁድ ነው።

ነገሩን ያበላሸው ቀዮ ነው፤ ወይም አባዬ ቀዮን መስማቱ ነው። ቀዮ የምንለው ፀጉሩ እንደ ካሮት የቀላ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። አንድ ቀን ቤንዚን ስንቀዳ ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማችንን ዳር በጣቱ አሻሸው። በኩርባ ላይ ሞተሩን የሚያጋድል ሰው ጎማው እስከ ዳሩ ይበላል፤ የማያጋድል ሰው ግን መሃሉን ብቻ ይጨርስና ዳሩ ፋብሪካው ከተወበት ቀጫጭን የጎማ ፀጉር ጋር እንደ አዲስ ይቀራል። ያንን ያልተነካ ዳር እኛ ጋ «የፈሪ ዳር» ይሉታል።

ቀዮም ማደያው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «መምህር፣ ይሄ ጎማ እኮ የፋብሪካው ፀጉር ገና አልረገፈለትም። ቅዳሴ ነው እንዴ የምትሄድበት?» አለው።

ሰው ሳቀ። አባዬም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። የአባዬ ጆሮ ሲቀላ ነገሩ ውስጡ ገብቷል ማለት ነው።

ዓርብ ከሰዓት ዕቃ ስንጭን ጠፋብኝ። ስፈልገው ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ሞተሩን አቁሞ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። በእጁ የአያቴን ሞረድ ይዟል። አያቴ ነፍሱን ይማረውና በፈረስ ጫማ ሥራ የኖረ ሰው ነበር፤ ያ ሞረድ የስንቱን ፈረስ ኮቴ አስተካክሏል። አሁን ልጁ የጎማ ዳር ይሞርድበታል። የጎማ ብናኝ እስከ ክርኑ አጥቁሮታል፤ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ። አባትን ራቁቱን እንደ ማየት ያለ ነገር ነበር፤ እሱ ያላፈረውን እኔ አፈርኩለት። ቅዳሜ ቀዮም እዚያ ስለሚመጣ ጎማውን አይቶ ዝም ይላል፣ በዚያው ያልቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ኤል ኬብራቾ በር ላይ ሞተሮችን የሚመረምሩት ዶን አኒባል ናቸው። ድሮ ተወዳዳሪ ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ሲታጠፍ ይንቋቋል። ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱን፣ ስፖኪዮው መውለቁን፣ መብራቱ በፕላስተር መሸፈኑን ካዩ በኋላ የማንንም ወሬ አይሰሙም። ይንበረከኩና አውራ ጣታቸውን በጎማው ዳር ያስኬዳሉ። ሰደርያ የሚለብሰውንና የማይለብሰውን የሚለዩት በዚያ ነው። «ሰው ስለ ሞተሩ ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ጎማ ግን አይዋሽም» ይላሉ። አሽከርካሪው ሁሉ ይህን አባባላቸውን እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። ብርቱካናማውን ሰደርያ ያየ ፈጣን ነጂ ከጀማሪው ርቆ ያልፋል፤ ሰደርያ የሌለውን ግን ትከሻ ለትከሻ ይታከከዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ተራችን ደረሰ። አውራ ጣታቸው በጎማው ዳር ሄደች፣ ተመለሰች።

«ኦስቫልዶ፣ ጀማሪ ነኝ ብለህ ነው የተመዘገብከው። ጎማህ ግን እንደዚያ አይልም» አሉት።

ቀዮ ከኋላችን ተሰልፎ አንገቱን አስግጓል። አባዬ «አዎ፣ ጀማሪ ነኝ» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «አልፎ አልፎ እዚያ ተራራው መንገድ ላይ እሞክራለሁ» አለ።

ሎስ ሳውሴስ ውስጥ ከእህል ጎተራው የሚበልጥ ተራራ የለም። ይህንን ለልጆች የሚያስተምረው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ሄልሜቱን ታቅፌ አጠገቡ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ዶን አኒባል ግን ራሳቸውን ነቅንቀው ያወጡትን ሰደርያ ወደ ክምሩ መለሱና ሰደርያ ወደማይለብሰው ሁለተኛው ምድብ መሩት።

ከመጀመሪያው ተራ ሲመለስ ጓንቱን ማውለቅ አቃተው። ግራና ቀኝ እየታከኩት ሲያልፉ ከአጥር ማዶ አይቻለሁ። ሰደርያ እንዲጠይቅ ለመንኩት፤ ሰው እንዳይሰማ ዝም እንድል አዘዘኝ። ከምሳ በኋላ አንዴ ወጥቶ ያቆማል ተባብለን ነበር። ነገር ግን ቀዮ መጥቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና «ጀግና» አለው። ያቺ አንዲት ቃል አሰከረችው። ወጣ፣ ደገመ፣ አሁንም ተሰለፈ። ፊቱ ገርጥቷል፤ አንገቱ የሄልሜቱን ክብደት መሸከም አቅቶታል። ልብሱን ይዤ ሞተሩ ነገ የእኔ መሆኑን አስታወስኩት።

ጣቱን አንስቶ «አንድ የመጨረሻ ዙር» አለኝ።

እኛ ጋ ይህ ቃል አይባልም። «አንድ ዙር ይቀረኛል» ይባላል፣ «ልቀዝቅዝና ልግባ» ይባላል፤ «የመጨረሻ» ያለ ሰው ግን ሞትን በስሟ እንደ ጠራ ይቆጠራል። አጠገቡ የነበሩት ወንዶች ክፉ ነገር እንዳይደርስባቸው እንደ ልማዳቸው ሱሪያቸውን ነካ ነካ አደረጉ። አባዬ ወጣ።

የወደቀው ሕፃን እንኳ በብስክሌት በሚያልፋት ቀርፋፋ ኩርባ ላይ ነው። አንድ ፈጣን ነጂ በቀኙ ተጠግቶ አለፈው፤ ደነገጠና ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ጨበጠ። ሞተሩ ተንሸራቶ ከአጥሩ ጋር ተላተመ። እኔ ስደርስ ተቀምጦ ነበር፤ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። የሞተሩ መሪ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። መጀመሪያ ያየሁት ሞተሩን ነው። እሱም ሞተሩን ሳይ አየኝ።

ማታ እንደ ደንቡ ሁሉም በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ለሥጋ ጥብስ ተሰበሰበ። አባዬ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ እኔ ሥጋውን እቆርጥለታለሁ። ዶን አኒባል የወይን ብርጭቋቸውን ሳያነሡ ቆሙ። ሰው ተረት የሚያወሩ መስሎት ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ።

የዛሬው ጥፋት የሳቸው መሆኑን ተናገሩ። ሰውየው ጀማሪ ነኝ ብሎ ተመዝግቦ ሳለ ሰደርያ የነፈጉት እሳቸው ናቸው፤ ጣታቸው ደንዝዟል፤ ዓይናቸውም አርጅቷል፤ ነገ ሰው ሳይገድሉ በሩን ለሌላ ይለቃሉ። ይህን ሲሉ ያ ጎማ የሚያነብ አውራ ጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይደባብስ ነበር። ከዚያ የራሳቸውን ሞተር ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በእኔ ሳህን አጠገብ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እሁድሽን ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ። በእኔ ሞተር ንጂ» አሉኝ።

አባዬን አየሁት። ሥጋውን ያያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። እኔስ ብሆን? ቁልፉ አጠገቤ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እሁዴ ተመለሰ። አባቴ አይዋረድም፣ እኔም እነዳለሁ፤ የሚያጡት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ይህንን አስቤአለሁ፣ አልዋሽም። እጄም ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነበር።

ቁልፉን ወደሳቸው ገፋሁት።

«መውሰድ አልችልም፣ ዶን አኒባል።»

«ለምን?»

«አባዬን ይጠይቁት።»

አባዬ ተነሣና ወደ መጣንበት ፒክ አፕ ሄደ። ሸሽቶ የቀረ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ በደህና እጁ የአያቴን ሞረድ ይዟል። በዳቦውና በሥጋው ሳህን መካከል አኖረው። በሞረዱ ጥርሶች መሃል ጥቁር የጎማ ብናኝ ተሰክቶ ቀርቷል።

«ጎማው አልዋሸም» አለ። «እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። ጠዋት ጀማሪ ነኝ ማለት አፍሬ ነው።»

ሳቅ ጠበቅኩ። በቀልድ የማያልፉት ነገር የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ በቀብር ላይ እንኳ ይቀልዳሉ። አንድም ሰው አልሳቀም። ቀዮ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ዳቦ ይቆራርሳል። ቢስቁ ኖሮ ለአባዬ ይቀለው ነበር፤ ዝምታቸው ቆዳውን ገፈፈው። እኔም «ይጠይቁት» ማለቴ አባቴን በጥፊ እንደ መምታት ተሰማኝ።

ዶን አኒባል ሞረዱን አንሥተው ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«የፈረስ ነው።»

«የአባቴ ነው» አለ አባዬ።

«ሞረድ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። መንገድ የበላው ጎማ እንደዚያ አይደለም። ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም።» ሞረዱን መለሱለት። «ከነገ ጀምሮ ጎማ አላነብም። ሰው ይጠየቃል። የምትጠይቀውም አንተ ነህ።»

እሁድ ጠዋት አባዬ በሩ ላይ ቆመ። ክንዱ እንደታሰረ ነው፤ ሰደርያዎቹ በደህና ትከሻው ላይ ተደርበዋል። ዶን አኒባል ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻያቸውን ይጠጣሉ። ፍሬንና ሰንሰለቱን አሁንም እሳቸው ያያሉ፤ ጎማ ግን አይነኩም። አባዬ የመጣውን ሁሉ «ጀማሪ ነህ?» ይላል። ወሬው ያልደረሰው ሰው የለም። አንዳንዱ «እንዳንተ አይደለሁም፣ መምህር» ይለዋል፤ ጆሮው እየቀላ ይቀበላል። አንድ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ግን ጥቂት አመንትቶ ሰደርያውን ራሱ ጠየቀ።

የዶን አኒባልን ሞተር እየገፋሁ ደረስኩ። ቁልፉን በዚያ ማታ አልወሰዱትም ነበር፤ ሳህን ሲነሣም እዚያው ተዉልኝ፤ በኋላ እኔ አነሣሁት። አባዬ ቀና ብሎ አላየኝም። ዓይኑ እኔ በያዝኩት፣ እስከ ዳሩ በተበላው የሽማግሌው ጎማ ላይ ነበር።

«ጀማሪ ነሽ?» አለኝ፣ እንደማንኛውም ሰው።

«ጀማሪ ነኝ።»

ሰደርያውን በራሴ አጠለቀልኝ። የጎኑን ማሰሪያ ግን በአንድ እጅ መቋጠር አልሆነለትም፤ ሞከረ፣ አመለጠው፣ ደግሞ ሞከረ። ሰልፉ ይጠብቃል። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩለት፣ ሌላውን እሱ አዞረው፤ አብረን ቋጠርነው። ከቋጠርነው በኋላም ጫፉን አልለቀቀውም።

«እኔም ነኝ፣ ልጄ» አለኝ።