ሃምሳ ስድስት ጥርስ

ዳርላ ራውትዮ ከአባቷ ጫማ ሥር አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ዘግና በጣቶቿ አሸችው። ዱቄት ነው። የተሳለ የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ዱቄት አይፈጭም፤ እንደ አናጢ መላጊያ እየላገ ረጃጅም ፍቅፋቂ ነው የሚተፋው። ይህን ያስተማራት ራሱ አባቷ ነበር፤ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ «ዱቄት ካየሽ ወይ እንጨቱ በስብሷል፣ ወይ ሰውየው ሰንፏል» ብሎ።

አባቷ የሚቆርጠው ጥድ ግን አልበሰበሰም። ስልሳ ሜትር ሽቅብ የወጣ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጤነኛ ዛፍ ነው። ጥፋቱ የኅዳሩ አውሎ ነፋስ ነው፤ ሥሩን ነቅንቆ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ትንሽ አዘንብሎታል። አዳራሹን የመንደሩ ሰዎች አያቶች ከፊንላንድ በመርከብ መጥተው በእጃቸው ነው የሠሩት። ከአዳራሹ ማዶ የዋልት ፔንቲላ ቤት አለ። ዛፉ መውደቅ ያለበት በሁለቱ ጣሪያዎች መሐል ባለችው፣ ስፋቷ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ሣር ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም።

የማኅበሩ ኮሚቴ ዛፍ የሚቆርጥ ድርጅት ከከተማ ላስመጣ ሲል አባቷ አርቮ ራውትዮ በሰባ አራት ዓመቱ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እዚህ አገር ዛፍ የሚጥል ሰው ጠፍቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ዛፍ እንኳ ካሰበበት ስቶበት አያውቅም። ዛሬም ጠዋት ሣሩ መሐል ችካል ተክሎ፣ ዛፉ ችካሏን እንደ ሚስማር መሬት ውስጥ እንደሚቀብራት ለሰው ሁሉ ተናገረ። ዋልት ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ ችካሏ ላይ ሰቀለና፣ «ከሳትክ ባርኔጣዬ ትተርፋለች፤ ቤቴ ግን አይተርፍም!» ብሎ ለጥንቃቄ ከተወጠረው ገመድ ማዶ ሊያይ የቆመውን ሰው አሳቀው።

ዳርላም ዛፍ ጣይ ናት፤ ከአርባ አንድ ዓመቷ ሃያውን በጫካ ያሳለፈች። የአባቷ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረች ሁለት ክረምት እንዳለፈ ታውቃለች። እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። አንዳቸውም አንሥተውት አያውቁም፤ እሱ እጁን በሱሪው ማንገቻ ሥር ይሸጉጣታል፣ እሷም ሌላ ሌላውን ታያለች። ጠዋት መኪና ውስጥ እንደ ዋዛ አድርጋ «አባዬ፣ የሰንሰለቱን ጥርስ አንዴ ልየው?» ብትለው፣ «የራስሽ ጥርስ የለሽም እንዴ?» ብሎ አሾፈባት። እዚህ አገር ሰው መኪናውን ያውሳል፣ ጠመንጃውን ያውሳል፤ ሰንሰለቱን ግን በሌላ እጅ አያስሞርድም። እያንዳንዱ ጥርሱን የሚያበጀው ለገዛ እጁ ነውና። የሷ መጋዝ ደግሞ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት አጭር ነው፤ ይህን ግንድ የሚዘልቀው የአርቮ ብቻ ነው።

አርቮ መጋዙን እንደገና አስነሣና፣ ዛፉ ወደሚወድቅበት በኩል የጀመረውን አፍ የመሰለ ቁርጥ ማስፋት ቀጠለ። ዳርላ መስመሩን ስታይ ክው አለች። ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት መስመር እየታጠፈ ቁልቁል ይወርዳል።

ምክንያቱ አልጠፋትም። ሰንሰለቱ ላይ ሃምሳ ስድስት ጥርስ አለ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ። ሁለቱ ወገን እኩል ሲነክሱ መጋዙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሞራጁ እጅ ተንቀጥቅጦ አንዱ ወገን ከዶለዶመ ግን ስለታሙ ወደ ራሱ ይስበዋል። አፉ ላይ የተሠራ ስሕተት ይታረማል። በዚሁ ሰንሰለት ከኋላ ቢገባ ግን፣ ዛፉ ሲወድቅ እንደ ማጠፊያ የሚይዘው ያልተቆረጠው እንጨት በአንድ ጎኑ ይሳሳል፤ ስልሳው ሜትርም ወደ አዳራሹ ይዞራል። ከሥሩ ያለውም አባቷ ነው።

«አርቮ! አዲስ መንገድ እየቀየስክልን ነው እንዴ?» አለ ዋልት። ሰዉ ሣቀ።

አርቮ መጋዙን አጠፋ። ቁርጡን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ተከተለውና መታጠፊያው ላይ ቆመ። ዳርላ «እንጨቱ ነው ጠማማው» እንዲል ጠበቀች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቷን ማሳፈርም፣ ዝም ብሎ ማየትም አልሆነላትም።

«አየሽው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አየሁት፣ አባዬ።»

«ዛሬ ነው ያየሽው?»

«ባለፈው ክረምት። ማገዶ የቆረጥክበት ጉቶ ላይ።»

«እና ዓመት ሙሉ አፍሽን ዘግተሽ!» አለና ዛፉን ሽቅብ አየው። ከዚያ ከኋላ ኪሱ ሞረዱን አወጣ። እጀታው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፤ በላብ ብዛት እንደ ቆዳ ጠቁሯል። «እንኪ» አላት።

ሣቁ ቀጥ አለ። ዋልት ባርኔጣውን ሊያወልቅ እጁን ወደ ራሱ ሰደደና ችካሏ ላይ መሆኗ ትዝ አለው።

ዳርላ ትንሽ የመጋዝ መያዣ ሞርሳ በአቅራቢያው ባለ ጉቶ ላይ መትታ መጋዙን አሰረች። ከሁሉ ያጠረውን ጥርስ ፈለገችና ሌሎቹን በሱ ልክ ታስተካክል ጀመር፤ ሞረዱን ወደ ፊት ስትገፋ እየተጫነች፣ ስትመልስ እያነሣች። ካፊያው አላቆመም፤ ከሰዉም የሄደ የለም። ሃምሳ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ዝሎ ነበር።

ጉብታዎቹ ቀሩ። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት አንዲት ጉብታ አለች፤ ጥርሱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። ጥርሱ በተሞረደ ቁጥር ስለሚያጥር ጉብታዋም ዝቅ ትደረጋለች። ከፍ እንዳለች ከተተወች ሰንሰለቱ በዝግታ እየላሰ ያልፋል፤ ዝቅ ካለች ይስገበገባል፣ የያዘውንም ክንድ ይፈትናል። ዳርላ ጉብታ የሚላግበትን ጠፍጣፋውን ሞረድ አነሣች። የአባቷን ቀኝ እጅ አየች። ሞረዱን መልሳ አስቀመጠችው።

አርቮ መጋዙን ተቀብሎ አውራ ጣቱን በሰንሰለቱ ላይ አስኬደ። ጥርሶቹን ሲዳብስ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚያ ጣቱ ቆመች።

«ጉብታዎቹን ረሳሻቸው።»

«አልረሳኋቸውም።»

አርቮ ከቆቡ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ዝናብ ጠርጎ ቀኝ እጁን አየ።

«ለኔ እጅ ነው የሞረድሽው» አለ።

ዳርላ ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ፤ ልጁን እንዲህ ኮርቶባት ሲያያት የመጀመሪያ ጊዜው ነው፣ ኩራቱንም አልደበቃትም።

«ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው እንኳ እጄን እንዲህ አያውቃትም። ጎሽ!» አለና መጋዙን ራሱ መልሶ ሞርሳው ላይ አሰረው። ጠፍጣፋውን ሞረድ አንሥቶ መዳፏ ላይ አኖረ። «በይ አሁን ለራስሽ እጅ ሞርጂው።»

«አባዬ...»

«ችካሏ የኔ ናት። ከሳትሻት ዋልት ባርኔጣውን ደፍቶ ዕድሜ ልካችንን ይስቅብናል። ሞርጂ!»

እያንዳንዷን ጉብታ ሁለት ሁለት ጊዜ ላገቻት። ከዚያ የተጣመመውን አፍ ቀጥ አድርጋ አረመችና ወደ ዛፉ ጀርባ ዞረች። አርቮ ከኋላዋ ቆመ፤ የዛፉ ጫፍ ሲነቃነቅ ትከሻዋን ነክቶ ሊያስጠነቅቃት፣ ዓይኑን ሽቅብ ተክሎ።

ሰንሰለቱ እንጨቱን ሲያገኘው ወደ ውስጥ ሳባት፤ እሷም ያዘችው። ፍቅፋቂው እንደ ገለባ እየተስፈነጠረ በአባቷ ጫማ ላይ ተከመረ። ቁርጡ እንዳይዘጋ ሽብልቅ መትታ ቀጠለች። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።

አርቮ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነና፣ ከገመዱ ማዶ ላለው ሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳየ። በቀኝ እጁ ነበር። እጁ ትንቀጠቀጣለች፤ ፍቅፋቂው በጣቶቹ መሐል ይረግፋል። ወደ ማንገቻው ሥር አልመለሳትም።

ያቺው እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈች፤ የዛፉ ጫፍ ወደ ሣሩ ማዘንበል ጀምሯል። ዳርላ ቀና ብላ ወደ ችካሏ፣ ችካሏም ላይ ዝናብ ወደሚመታት የዋልት ባርኔጣ አየች።